የሮክ ሙዚቀኛ ለኦርኬስትራ ሲጽፍ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጊታር ይዞ ስም ያወጣ ሰው አንድ ቀን ለኦርኬስትራ መጻፍ ያምረዋል። ያምረው። የሚደናቀፍበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው ኦርኬስትራውን አጃቢ ማድረግ ነው። ባንዱ የድሮ ዘፈኑን እንዳለ ይጫወታል፣ ቫዮሊኖቹ ከኋላ ድምፅ ጎትተው ይይዛሉ። መድረኩ ይደምቃል፤ አዲስ ሙዚቃ ግን የለም። ሬዲዮሄድ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጊታሪስት ጆኒ ግሪንውድ በ2005 «ፖፕኮርን ሱፐርሄት ሪሲቨር»ን ሲጽፍ ጊታር የሚባል አላስገባም። የቫዮሊን ቤተሰብ ብቻ። ተቀራራቢ ድምፆች ባንዴ ሲደራረቡ፣ ሬዲዮ ላይ ጣቢያ ስንፈልግ የሚሰማው ሹሹታ ይመጣል።

ኪስ የሚያራቁተው ስህተት የልምምድ ሰዓትን መናቅ ነው። የሮክ ባንድ ስቱዲዮ ገብቶ ወር ሙሉ ሊያንዛዛ ይችላል። ኦርኬስትራ በሰዓት ነው የሚከፈለው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ሁሉም መሣሪያውን ከቶ ይወጣል። አሜሪካዊው የሮክ ጊታሪስት ፍራንክ ዛፓ ኖታ ጠንቅቆ የሚጽፍ ሰው ነበር። በ1983 በራሱ ገንዘብ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ቀጥሮ፣ ኬንት ናጋኖ እየመራ ሥራዎቹን አስቀረጸ። ምቱ ከባድ፣ ጊዜው አጭር። እሱ እንደጻፈው፣ የትራምፔት ተጫዋቾቹ በእረፍት መጠጥ ቤት ሄደው አርፍደው ተመለሱ! የተበላሸውን ቴፕ እየቆራረጠ ማረም ነበረበት። አንሳምብል ሞደርን የተባለው የጀርመን የሙዚቃ ቡድን ግን በ1991 ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ አብሮት ተለማመደ፤ በ1992 ፍራንክፈርት ላይ ሲያቀርቡ ውጤቱ ሌላ ነበር። እና ሁለት ልምምድ ብቻ ካላችሁ፣ በሁለት ልምምድ የሚያዝ ነገር ጻፉ።

የጻፋችሁትን ኖታ የሚያጫውትላችሁን ኮምፒውተርም አትመኑት። እዚያ ዋሽንቱ በዝቅተኛ ድምፁ ከትሮምቦኖች በላይ ይሰማል፤ አዳራሽ ውስጥ ግን ይዋጣል። ደግሞ ሶፍትዌር አይተነፍስም፣ ነፊው ግን ሰው ነው።

ኖታ አለማወቅን መደበቅም ዋጋ የለውም። ኖታ የማያነበው የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ የ1991ዱን ኦራቶሪዮ (ለዘማሪዎችና ለኦርኬስትራ የሚጻፍ ረጅም ሥራ) ከሙዚቃ ደራሲው ከካርል ዴቪስ ጋር ነው የሠራው፤ የሁለቱም ስም ሥራው ላይ አለ።

በመጨረሻ፣ ኮፒ አስቀምጡ። ዲፕ ፐርፕል የተባለው የሮክ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጆን ሎርድ በ1969 ለባንድና ለኦርኬስትራ የጻፈው ኮንቼርቶ (ባንዱና ኦርኬስትራው እየተቀባበሉ የሚጫወቱት ሥራ) ኖታው በ1970 ጠፋ። ማርኮ ደ ኽዩ የተባለ ሆላንዳዊ የድምፅ ቅጂውን እያዳመጠ እንደገና ጽፎት ነው በ1999 መድረክ የተመለሰው።