ከኮዬ ፈጬ እስከ ዱባይ፦ ውጭ አገር ስንሄድ ስልክ በርካሽ እንዴት እንጠቀም

አክስቴ ዕቃ ልታመጣ ለአሥር ቀን ዱባይ ሄዳ ነበር። «እንዳታጡኝ» ብላ ከመነሳቷ በፊት ደህና አድርጋ ካርድ ሞላች። ዱባይ ደርሳ ገና ሻንጣዋን ሳትረከብ ባላንሷ አለቀ። ማንም ጋ አልደወለችም። በማግስቱ እዚሁ ሆነን ካርድ ሞላንላት፤ እሱን ደግሞ የጨረስነው እኛው ራሳችን ነን። እናቴ እዚህ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ «በላሽ? ተኛሽ?» እያለች በቀን ሦስት ጊዜ ትደውል ነበር። የምንደውለው እኛ ስለሆንን የምንከፍለውም እኛ ብቻ መስሎን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከብሎካችን ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሲኖር ስልኩን ይዞ እኛ ቤት ይመጣል። አብረን ቁጭ ብለን የምናደርገውን እነሆ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ምሳሌዬ ዱባይ ናት፤ ከሰፈራችን ብዙ ሰው የሚሄደው እዚያ ነውና። ሌሎቹን ከተሞች መጨረሻ ላይ አነሳለሁ።

መጀመሪያ፦ ብሩ በየት በኩል እንደሚወጣ እወቁ

ስልካችሁ ከአገር ሲወጣ በዚያ አገር ኩባንያ መስመር ላይ ተጠግቶ ይሠራል። ሮሚንግ የሚባለው ይህ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው በ09 ወይም በ07 ቁጥራችሁ ሲደውልላችሁ ጥሪው በቅድሚያ አገር ቤት ያለው ኩባንያችሁ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ እናንተ ወዳላችሁበት ይሻገራል። ደዋዩ የሚቆረጥበት እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይ ያለው መንገድ የሚቆረጠው ከእናንተ ነው። አገር ቤት ጥሪ መቀበል ነፃ ስለሆነ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የእናቴ «በላሽ?» አክስቴን ያስከፈላትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ዳታ ነው። ሮሚንግ ላይ ዳታው ክፍት ከሆነ ስልኩ ኔትወርክ ባገኘበት ቅጽበት በበረራው ሰዓት የተጠራቀመውን ሁሉ ማውረድ ይጀምራል፦ የቴሌግራም ቪዲዮ፣ የፎቶ መጠባበቂያ፣ የአፕሊኬሽን ማሻሻያ። የአክስቴ ባላንስ የሄደው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አልነካችውም።

አጭር የጽሑፍ መልእክት መቀበል ግን ሮሚንግ ላይም አብዛኛውን ጊዜ አያስከፍልም። ይህን ያዙት፤ ከባንክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በዚሁ ነው።

ከመሄዳችሁ ሳምንት ቀደም ብሎ

ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ነው። ቤት የተሠራው እዚያ ሄዶ ከሚሠራው እጥፍ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ስልካችሁ የሌላ ኩባንያ ሲም እንደሚቀበል አረጋግጡ። ፈተናው ቀላል ነው፦ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም የምትጠቀሙ ከሆነ የጎረቤት ሳፋሪኮም ሲም አስገብታችሁ ኔትወርክ መያዙን እዩ፤ ወይም በተቃራኒው። በተለይ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ስልክ ከሆነ ይህን ሳትሞክሩ አትሂዱ። አንዳንዱ ስልክ በአንድ ኩባንያ መስመር ላይ የተቆለፈ ነው፤ ከሲሙ ሥር በሚለጠፍ ስስ ቺፕ ተደግፎ የሚሠራም አለ። እንዲህ ያለው ሌላ አገር ሲደርስ አስቸጋሪ ነው።

ስልኩ የሁለት ሲም ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ አንዱ ለአገር ቤቱ፣ ሌላው ለዚያኛው አገር ይሆናል። የአንድ ሲም ብቻ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ የወደቀ ጤነኛ አሮጌ ስልክ ፈልጋችሁ ያዙ። የአገር ቤቱ ሲም እዚያ ውስጥ ተቀምጦ የባንክ መልእክት ይጠብቃል።

ከዚያ የሲማችሁን ኩባንያ ሮሚንግ ጠይቁ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሉ ወይም አገልግሎት ማዕከል ጎራ በሉ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ መስመሬ በምሄድበት አገር ይሠራል ወይ? ማስከፈት ያስፈልገኛል ወይ? ጥሪ ስቀበል በደቂቃ ስንት ነው? የሮሚንግ ጥቅል አላችሁ ወይ? መልሱን በወረቀት ያዙ፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ 994 ብሎ መደወል የለም።

ስልካችሁ ላይ የተመዘገቡትን ስሞች ክፈቱና አስፈላጊዎቹን ሁሉ አስተካክሉ። «09…» ተብሎ የተመዘገበ ቁጥር በዱባይ ሲም ሲደወል አይገባም። የፊት ዜሮው ይውጣና በ+251 ይጀምር፤ +2519… ወይም +2517… እንዲሆን። አክስቴ ስልክ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በዜሮ የሚጀምሩ ነበሩ። ሃያ ያህሉን ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ስናስተካክል አንድ ስኒ ቡና እንኳ አልጨረስንም። እንዲህ የተመዘገበ ቁጥር አገር ቤትም ስለሚሠራ ስትመለሱ እንደገና መቀየር የለም።

ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ሌሎች መገናኛዎች በአገር ቤት ቁጥራችሁ ተከፍተው ይጠብቁ። አዲስ ስልክ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እዚሁ አስገቧቸው፤ ሲከፈቱ በመልእክት ቁጥር ይጠይቃሉና። እዚያ አዲስ ሲም ስታስገቡ ዋትስአፕ «ቁጥርህን ትቀይራለህ?» የሚል ነገር ካመጣ አይሆንም በሉት። ሲሙ ቢቀየርም በድሮው ቁጥር ይቀጥላል፤ ዘመድም ሳይቸገር ያገኛችኋል።

የምትሄዱበትን ከተማ ካርታ ጎግል ማፕ ላይ አውርዱ። የወረደ ካርታ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል፤ ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳያችሁ ጂፒኤስም ዳታ አይፈልግም። ፋይሉ ከበድ ስለሚል የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ አውርዱት። የሆቴሉን ስምና አድራሻ ደግሞ ፎቶ አንሱት፤ ዴራ በሚባለው የዱባይ ሰፈር የምታርፉ ከሆነ በአረብኛም የተጻፈውን ጭምር።

ኢሲም ስለሚባለውም ይጠይቁኛል። ፕላስቲክ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም ነው። በ2018 በፈረንጆቹ ከወጣው አይፎን ኤክስኤስ ወዲህ ያሉ አብዛኞቹ አይፎኖችና ብዙዎቹ ውድ ሳምሰንጎች ይቀበሉታል። ቤት ሆኖ መግዛት ይቻላል፤ ችግሩ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ መሆኑ ነው። ውጭ ያለ ልጅ ወይም ወንድም ገዝቶ የሚቃኘውን ምስል ከላከላችሁ ግን ጥሩ መንገድ ነው። ምስሉን በሌላ ሰው ስልክ ላይ ከፍታችሁ በራሳችሁ ስልክ ቃኙት፤ ይህንንም ከመሄዳችሁ በፊት ጨርሱት።

የሚቀሩትንም አሰልጥኑ

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጣለሁ። ግማሹን ወጪ የሚያስወጣው ቤት የቀረው ሰው ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ሁሉንም ሰብስባችሁ እንዲህ በሉ፦ በመደበኛ ስልክ አትደውሉልኝ። አስቸኳይ ነገር ከመጣ አንድ ሚስኮል አድርጉ፤ እኔ ሳላነሳ አይቼ በኢንተርኔት እመልሳለሁ። ሳይነሳ የጠራ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ አያስቆርጥም፤ ወደ ድምፅ መልእክት ሳጥን የሚዞር መስመር ካላችሁ ግን እሱን ቀድማችሁ አዘጉት።

በረራው ላይ

ከቦሌ ስትነሱ ስልኩን በበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት። አንዳንድ አውሮፕላን ላይ የሞባይል ኔትወርክ አለ፤ ስልካችሁ ሳታውቁት ከያዘው እጅግ ውድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁም «ዳታ ሮሚንግ» የሚለውን በአገር ቤቱ ሲም ላይ አጥፉ። ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ናት፤ ለዚህ ጊዜ አይጠፋም።

እዚያ ስትደርሱ

የዱባይ አየር ማረፊያ ነፃ ዋይፋይ አለው። በእሱ «ደርሻለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቤት ያለው ሰው ይረጋጋል፣ እናንተም ሳትጣደፉ ሲም ትገዛላችሁ።

ሲም የሚሸጡት ኢትሳላት (አሁን e& የሚባለው)፣ ዱ እና ቨርጂን ሞባይል ናቸው። ፓስፖርት ይጠይቃሉ፤ ሲሙ በስማችሁ መመዝገብ አለበት። ለጎብኚ ትንሽ ዳታ ያለው ነፃ ሲም የሚሰጥበት ጊዜም ስላለ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። መንገድ ላይ በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ሲም ቢያቀርቡላችሁ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱ፤ በዚያ ቁጥር የተሠራ ነገር ሁሉ ጣጣው ለእናንተ ይተርፋል። ደግሞም የአየር ማረፊያው ሱቅ ብቻ አይደለም ያለው። የመጀመሪያውን ቀን በዋይፋይ መግፋት ከቻላችሁ ከተማ ገብታችሁ የኩባንያውን ሱቅ ዋጋ አወዳድሩ።

ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ጥቅሉ ስንት ቀን ይቆያል? ደቂቃው ለአገር ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ኢትዮጵያ ለመደወልም ይሆናል? ዳታው ሲያልቅ ይዘጋል ወይስ በመደበኛ ዋጋ መቁረጥ ይቀጥላል? ከሱቁ ሳትርቁ አንድ ገጽ ከፍታችሁ መሥራቱን እዩ። ሁለት ሲም ከሆነ ዳታው በአዲሱ ሲም እንዲሄድ መምረጣችሁን አረጋግጡ።

የአንድ ሲም ስልክ ያላችሁ፣ የወጣውን የአገር ቤት ሲም ኪስ ውስጥ አትወርውሩት። የጥፍር ግማሽ የምታህል ነገር ናት። አክስቴ አሁን በቁስል ፕላስተር ጠቅልላ ከፓስፖርቷ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ትለጥፋታለች፤ የሲም መክፈቻዋንም እዚያው አጠገብ።

ወደ ቤት መደወል

ዱባይ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ይህ ነው። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ዝግ ነው። ጽሑፍ፣ ፎቶና ቮይስ (ተቀድቶ የሚላክ ድምፅ) ግን ይሄዳል። ለጥሪ የተፈቀዱ እንደ ቦቲም፣ ዙም እና ማይክሮሶፍት ቲምስ ያሉ አሉ። ቦቲምን ቤት ያለውም ሰው ስልክ ላይ መጫን ስላለበት ከመሄዳችሁ በፊት የእናትን ስልክ ተቀበሉና ጫኑላት፣ አንድ ጊዜም ደውላችሁ ማንሻውን አሳዩአት። የተለየ የኢንተርኔት ጥሪ ጥቅል ያስፈልግ እንደሆነም ሲሙን ስትገዙ ጠይቁ። የተዘጋውን የሚያስከፍት አፕ ነው ብሎ «ቪፒኤን ጫን» የሚላችሁ ዘመድ አይጠፋም፤ አትስሙት። የአገሩ ሕግ በቪፒኤን የተከለከለን ነገር መጠቀም በከባድ የገንዘብ መቀጮ ይቀጣል።

የእኔ ምርጫ ቮይስ ነው። ጥሪ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ኔትወርክ እንዲኖረው ይፈልጋል። እኛ ቤት ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ኔትወርክ አይገባም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል። ቮይስ ይጠብቃል። እናቴ ወጡን አውጥታ እጇን በሽርጧ ጠርጋ በረንዳ ስትወጣ «ድንግ… ድንግ» እያለ ይገባላታል፤ ቆማ ታዳምጣለች፣ እዚያው መልሷን ትቀዳለች። ፊት ለመተያየት በሁለት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ በሆቴል ዋይፋይ በቀጠሮ ተገናኙ። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፤ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚያ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው።

የዳታ ቁጠባው ብዙ አያደክምም። የቴሌግራምና የዋትስአፕን በራሱ ማውረድ አጥፉ፣ የፎቶ መጠባበቂያና የአፕ ማሻሻያ በዋይፋይ ብቻ ይሁን፣ ቲክቶክን ለሆቴሉ ዋይፋይ አቆዩት። የባንክ ሥራ ግን በሞል ዋይፋይ አትሥሩ፤ ለእሱ የገዛችሁትን ዳታ ተጠቀሙ።

ወደ ሌላ ከተማ ከሆነ

ጓንጁ ወይም ዪዉ ለሚሄድ ነጋዴ ነገሩ ይገለበጣል። የቻይና ሲም ላይ ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም፣ ጎግልና ፌስቡክ አይከፈቱም። የሮሚንግ ዳታ ግን በአገር ቤት ኩባንያ በኩል ስለሚዞር ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ቻይና ላይ ትንሽ የሮሚንግ ጥቅል መግዛት ያዋጣል። ዊቻትን እዚሁ ከፍታችሁ ሂዱ፤ ሲመዘገብ ቀድሞ ያለው ሰው እንዲያረጋግጥላችሁ ሊጠይቅ ይችላል።

ኢስታንቡል ለወራት የምትቆዩ ከሆነ ከውጭ የገባ ስልክ በቱርክ ሲም ከ120 ቀን በኋላ ካልተመዘገበ እንደሚዘጋ እወቁ። ለአጭር ጉብኝት አያሳስብም።

ናይሮቢ ላይ የሳፋሪኮም ምልክት ስታዩ «የእኔው ሲም ነው» አትበሉ። ስሙ አንድ ቢሆንም የኢትዮጵያው ሲም እዚያ እንግዳ ነው፤ በፓስፖርት የኬንያውን ግዙ።

አውሮፓ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገር የተገዛ ሲም በሌሎቹ የኅብረቱ አገሮችም በመደበኛ ዋጋው ይሠራል። ሮም የገዛችሁትን በርሊን ላይ መቀየር የለባችሁም። እንግሊዝና ስዊዘርላንድ ግን የኅብረቱ አባል አይደሉም።

ዋሽንግተን ልጅ ጋ የሚሄዱ እናትና አባት ካሉ ስልካቸውን ቀድማችሁ እዩ። አሜሪካ የ3ጂ ኔትወርኳን በ2022 ስለዘጋች በ4ጂ ድምፅ የማይደውል ስልክ እዚያ አይጠቅምም፤ እኛ ጋ የሚሸጡ ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ የዚያን አገር ሞገድ በደንብ አይዙም። ልጁ ወደ ጎን ያስቀመጠው ስልክ ካለው እሱን ይስጣቸው፤ መስመሩንም ከቤተሰቡ ጥቅል ጋር ቢደርብላቸው ይቀላል።

ስትመለሱ

ሻንጣ እየጠበቃችሁ ሲማችሁን መልሱ፣ የዳታውን ምርጫ ወደ አገር ቤቱ ሲም አዙሩ። ይህን የረሳ ጎረቤቴ ከቦሌ ወጥቶ ራይድ መጥራት አቅቶት ሩብ ሰዓት ቆሟል፤ ዳታው አሁንም በዱባዩ ሲም ላይ ነበር። የውጭውን ሲም ጥቅል በራሱ እንዳይታደስ ከመነሳታችሁ በፊት አዘጉ። ተመልሳችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስንት ጊዜ ሳይሞላ እንደሚቆይ ጠይቁና ሲሙን አኑሩት። አክስቴ የእሷን እዚያው የፓስፖርት ሽፋን ውስጥ፣ የአገር ቤቷ ሲም በነበረበት ቦታ ለጥፋዋለች።