ፓስወርዱ ያለው እዚያ አይደለም!

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስልክ ሳነሳ አዘውትሬ የምሰማው «ፓስወርዱን አጥፍቼዋለሁ፣ አሁንም አልገባም አለኝ» የሚለውን ነው። የቱን ነው ያጠፋኸው፣ ወንድሜ?

ዊንዶውስ ላይ ፓስወርድ ሁሉ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ክሮም የራሱ ጓዳ አለው፤ የፌስቡክና የኢሜይል እዚያ ነው። የሼርድ ፎልደር (በኔትወርክ የምንጋራው ፎልደር) እና የሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተር ከሩቅ የምንከፍትበት) ግን ኮንትሮል ፓናል ገብታችሁ፣ ዊንዶውስ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ በሚያስቀምጥበት በክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ፣ «ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ» በሚለው በኩል ነው የምታገኙት። ጎኑ ያለው «ዌብ ክሬደንሻልስ» ስሙ ያሳስታል። ክሮም የያዘውን እዚያ ስትፈልጉ ብታድሩ አታገኙትም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። የመሥሪያ ቤት ፓስወርድ ይቀየራል፣ ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር በዚያው በአሮጌው የሰርቨሩን፣ ማለትም የቢሮው የጋራ ፋይል ያለበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ፎልደር ያንኳኳል፣ ሰርቨሩ የተሳሳተውን ሙከራ ይቆጥራል፣ ገደቡ ሲሞላ አካውንቱን ይቆልፋል፤ ባለቤቱ ደግሞ «እኔ ምንም አልነካሁ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። አንዴ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ እትዬ የምላቸው የሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት እየተቆለፈባቸው ሲመርራቸው፣ ክሮም ላይ ያለውን በሙሉ ጠራርገው ጠበቁኝ። በጣርማበር ብርድ ተንቀጥቅጬ ደረስኩ። ክሬደንሻል ማናጀር፣ የሰርቨሩ ስም፣ «ሪሙቭ»። ቡናው ሳይፈላ አለቀ። እሳቸው ግን የኢሜይላቸውን ፓስወርድ ደብተር ሲያገላብጡ ዋሉ።

መሳቅ አልችልም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ለዚሁ ችግር ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌያለሁ። የባሰው ደግሞ ፎርማቱ መሥራቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስንቱን በከንቱ ፎርማት አደረግኩ!

ዋይፋይስ? ክሮምም ክሬደንሻል ማናጀርም ውስጥ የለም። የራውተሩ ፓስወርድ ከተቀየረ ዋይፋይ ሴቲንግ ገብታችሁ «ፎርጌት» በሉትና እንደ አዲስ ግቡ።

ፒን ፓስወርድ አይደለም። ጠዋት የምትከፍቱባት አጭር ቁጥር ለዚያች ኮምፒውተር ብቻ ናት፤ የጎረቤት ቢሮ ፎልደር ላይ አሥር ጊዜ ብትጽፏት አትከፍትም።

ሼርድ ፎልደር ስትከፍቱ ስህተት 1219 ከመጣባችሁ አንድ ሰርቨር ላይ በሁለት ስም ልትገቡ ነው። የመጀመሪያውን ግንኙነት አቋርጡ፣ ካልሆነ ሳይን አውት ብላችሁ ተመለሱ።

ሁሉም በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ «ሪሜምበር» (ፓስወርዱን አስታውስ) የሚለውን ምልክት የምታደርጉ ደግሞ አላችሁ። ከእናንተ ጋር ሌላ ቀን እንገናኛለን።