ያርድ ሴል ለምታዘጋጁ፦ መጀመሪያ የሻንጣውን ኪስ ፈትሹ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ፣ ወጣት ባልና ሚስት ያርድ ሴል (ያገለገለ የቤት ዕቃ ግቢ አውጥቶ መሸጥ) አዘጋጅተው ነበር። አሜሪካ ከመጡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ዕቃቸው ጥሩ ነው፣ ዋጋውም አያስቀይምም። ግን ከጠዋቱ 7 ሰዓት ጀምሮ ስፒከር አውጥተው ሙዚቃ ለቀዋል (ሰዓቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የገዢዎች መኪና የጎረቤትን ድራይቭዌይ፣ የመኪና መግቢያውን፣ ዘግቷል። 9 ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ መጣ። ፖሊሱ ጨዋ ሰው ነበር፣ ቅጣት አልጻፈም። ልጅቷ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ ዕቃውን ወደ ካርቶን መመለስ ጀመረች። "ማንም አልነገረንም እኮ" አለችኝ።

እውነቷን ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ደግሞ ሌላ ሰው ደውሎ "ያርድ ሴል ፈቃድ ይፈልጋል እንዴ?" አለኝ። በዚህ ዓመት ይህን ሲጠይቀኝ ስድስተኛው ሰው ነው። ስለዚህ የማውቀውን አንዴ ልጻፈውና ለጠየቃችሁ ሁሉ ይድረሳችሁ።

አዲስ አበባ ቆራሌው በር ድረስ ይመጣል። ልዋጭ አለ፣ ሰልባጅ አለ፣ ዕቃ ዝም ብሎ አይከማችም። እዚህ ግን ቆራሌው የለም። ልጅ ያድጋል፣ ጫማው ይጠብበታል፣ ቤት ይቀየራል፣ ዕቃው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ይወርድና እዚያው ይቀራል። ያርድ ሴል ለዚህ መፍትሔ ነው። ሀብታም ለመሆን ብላችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ጥሩ በሚባል ቀን ሁለት ወይም ሦስት መቶ ዶላር ብታገኙ ነው።

ስለ ፈቃዱ። መልሱ እንደምትኖሩበት ከተማ ይለያያል። ዳላስ ያላችሁ፣ ከተማው ፈቃድ ይጠይቃል፣ በዓመት ስንት ጊዜ ማድረግ እንደምትችሉም ይገድባል። ሌላ ቦታ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ግን ዕቃው የት መቀመጥ እንዳለበት ወይም ስንት ቀን መቆየት እንደሚችል ደንብ አለ። እዚህ ሜሪላንድ ሰውን የሚያደናግረው ይህ ነው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከንቲባ የለውም፣ በቀጥታ የካውንቲው፣ ማለትም የወረዳው አስተዳደር ነው። ታኮማ ፓርክና ሮክቪል ግን የራሳቸው የከተማ አስተዳደር አላቸው፣ ደንብም ያወጣሉ። ስለዚህ "ጓደኛዬ ምንም አልጠየቁትም" የሚለው ለእናንተ አይሠራም። የጓደኛችሁን ሳይሆን የራሳችሁን አድራሻ ይዛችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ ደውዬ ከአራት ሰው ጋር ካገናኙኝ በኋላ "ዌብሳይት ላይ አለ" ተባልኩ። አርባ ደቂቃዬ ነው የሄደው። መጀመሪያውኑ ዌብሳይቱን እዩ።

ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) የገዛችሁ ከሆነ ከካውንቲው ይልቅ ኤች ኦ ኤ፣ የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው የሚያሳስባችሁ። ብዙዎቹ ለሰፈሩ በሙሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይመድባሉ። ቀኑን ጠብቃችሁ ከጎረቤት ጋር አብራችሁ አውጡ። ገዢም በብዛት የሚመጣው ያን ቀን ነው። ቤዝመንት የተከራያችሁ፣ ግቢው የእናንተ አይደለም። ባለቤቱ አበሻ ቢሆንም፣ አብራችሁ ቡና ብትጠጡም፣ አስፈቅዱ። አፓርታማ ያላችሁ ቢሮውን ሳትጠይቁ ሣሩ ላይ አንድ ሳህን እንኳ አታስቀምጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያ ያርድ ሴሌን ሳዘጋጅ ከአገር ቤት ይዣቸው የመጣኋቸውን ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች አወጣሁ። ሰማያዊዋ ላይ የአየር መንገዱ ወረቀት እጀታዋ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ መጣ። ሻንጣዋን ድራይቭዌዩ ላይ ወዲያ ወዲህ ገፋት፣ ጎማዋን አየ፣ ከፍቶ ውስጧን ተመለከተ፣ ስድስት ዶላር ሰጠኝና መኪናው ላይ ጫናት። ደስ አለኝ። ቦታ ይዛ ኖራ ነበርና።

ማክሰኞ ማታ ነው ያስታወስኩት። የእህቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ትኬት ቆርጫለሁ፣ ፓስፖርቴን አወጣሁና ግሪን ካርዴን ፈለግሁ። መሳቢያ ውስጥ የለም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ቤት ስንቀይር "እዚህ ማንም አያገኘውም" ብዬ ሰማያዊዋ ሻንጣ ውስጥ፣ ከገበሩ ኋላ ባለችው ትንሽ ዚፕ ውስጥ ከትቼው ነበር። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው በጥሬ ገንዘብ ነው የከፈለኝ። ስሙን አላውቅም፣ ስልኩ የለኝም። ሰፈር ውስጥ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፣ ማንም አልደወለም።

ግሪን ካርድ ሲጠፋ የሚሞላው ፎርም አይ-90 ይባላል። በዚያን ጊዜ 455 ዶላር፣ ለአሻራ ደግሞ 85፣ በጠቅላላው 540 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ተሻሽሎ በኦንላይን 415፣ በወረቀት 465 ሆኗል። አዲሱ ካርድ እስኪመጣ ፓስፖርት ላይ የሚመታ ማኅተም አለ፣ እሱን ይዞ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። ግን ቀጠሮ ያስፈልገዋል። የእኔ ቀጠሮ ሲደርስ ሠርጉ አልፏል። እህቴ ስትዳር ያየኋት በስልክ ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ እናቴ ስልኩን ገልብጣ ይዛው፣ አብዛኛውን ጊዜ የማየው ጣሪያ ነበር።

ስድስት ዶላር።

ስለዚህ እባካችሁ። አንድም ነገር ላይ ዋጋ ከመለጠፋችሁ በፊት፣ ከሐሙስ ሳያልፍ፣ ሰነዶቻችሁን በሙሉ ፈልጋችሁ አንድ ሣጥን ውስጥ አስገቡ፦ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ። ሁሉም በእጃችሁ ካልገባ ሽያጩን አስተላልፉት። ቀጥሎ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ ፈትሹ። የሻንጣ ዚፕ በሙሉ ይከፈት፣ የገበሩም ጭምር። የኮት ኪስ፣ የውስጡም። የእጅ ቦርሳ። የመጽሐፍ ገጽ። መሳቢያ ሙሉ በሙሉ ተስቦ ይውጣ፣ ከኋላው የወደቀ ወረቀት አይጠፋም። እኛ ደግሞ ዕቃ መደበቅ እንወዳለን። ብር ፍራሽ ሥር፣ ወርቅ ካልሲ ውስጥ፣ ወረቀት ሻንጣ ውስጥ። ዕቃ የምትደብቁት ሁለት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ፈትሹ፣ ባልየው የከተተውን ሚስት አታውቀውም። አሮጌ ስልክና ላፕቶፕ ደግሞ አካውንታችሁን አውጥታችሁ፣ ውስጡ ያለውን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ካልሆነ አትሽጡ። ግሪን ካርዱ ግን ሣጥን ውስጥ አይቅር፣ ሕጉ ዕድሜው 18 የሞላው ሰው ይዞት እንዲንቀሳቀስ ነው የሚያዘው። የእኔም ያኔ የሚገባው ቦታ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የልጆች ዕቃ ላይም ጠንቀቅ በሉ። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አምራቹ ለደኅንነት ሲባል የጠራውን፣ ማለትም ሪኮል የተደረገ ዕቃ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ግቢ ውስጥ መሸጥም ያው መሸጥ ነው። ጎኑ ወደ ታች የሚወርደው የሕፃን አልጋ እ.ኤ.አ. ከጁን 2011 ጀምሮ አይሸጥም፣ ሕፃናት ሞተውበታል። ሮክ ኤን ፕለይ የሚባለው ማስተኛ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 4.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጠርቷል፣ እስካሁን ግን ከየሰው ቤዝመንት አይጠፋም። ስጦታም አታድርጉት፣ ሰባብራችሁ ጣሉት። ካር ሲት (የሕፃን የመኪና ወንበር) የሚያበቃበት ቀን ከሥሩ ወይም ከኋላው ተጽፎበታል። ቀኑ ካለፈ ወይም አደጋ ውስጥ ከነበረ ያው ነው፣ ቆሻሻ ነው። ለማታውቁት ሰው ልጅ የማትመኙትን ነገር በአምስት ዶላር አትስጡ።

ገዢ ሆናችሁ ስትሄዱ ደግሞ ፍራሽና ሶፋ ተዉ። ትኋን አንዴ ቤት ከገባ የሚያስወጣችሁ ወጪ የአዲስ ሶፋ ዋጋ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዓርብ ባንክ ሂዱ። አርባ ነጠላ ዶላር፣ ጥቂት ባለ አምስት፣ አንድ ጥቅል ኳርተር (ባለ 25 ሳንቲም) ውሰዱ። አንዱ ጥቅል 40 ኳርተር ነው፣ 10 ዶላር። ገንዘቡ ሣጥን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፣ ወገባችሁ ላይ የምትታሰር ቦርሳ ያዙ። ጠዋት በማለዳ መቶ ዶላር ይዞ የሦስት ዶላር ዕቃ ለሚገዛ ሰው "ዝርዝር የለኝም" በሉ። ብሩ ሐሰተኛ ከሆነ ዕቃውም 97 ዶላራችሁም ሄደ ማለት ነው። ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የቤቱ በር ይቆለፍ። ሽንት ቤት ልጠቀም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፣ በትሕትና አይሆንም በሉ። ግብሩን ለምትፈሩ፦ ያገለገለ የራሳችሁን ዕቃ ከገዛችሁበት ባነሰ ስትሸጡ የገቢ ግብር የለበትም። ከዱባይ ልብስ አስመጥቶ በየሳምንቱ ሣር ላይ የሚዘረጋ ግን ነጋዴ ነው፣ እንደ ነጋዴ ፈቃዱን ያውጣ። እንጀራና ሳምቡሳ መሸጥም እንዲሁ የራሱ ሕግ አለው፣ ከያርድ ሴል ጋር አታደባልቁት።

ዋጋ ሁሉም ዕቃ ላይ ይለጠፍ። ፈረንጅ ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፣ ካልተጻፈ አይቶ ይሄዳል። የልጅ ልብስ አንድ ዶላር፣ የአዋቂ ሁለት ሦስት፣ መጽሐፍ ሃምሳ ሳንቲም፣ ትንሽ ጠረጴዛ አሥር አሥራ አምስት። መርካቶ እንደለመድነው ሦስት እጥፍ ጠርቶ መውረድ እዚህ አይሠራም። ትንሽ መቀነስ ግን ያለ ነው፣ "ሁለቱን ከወሰድሽ አምስት" ብትሉ ደስ ይላቸዋል። ቡና ማፍያና ፋን የመሳሰሉትን ሰው ሰክቶ እንዲሞክር የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ አውጡ።

የእኛ ሰዎች ሲመጡ ይሉኝታ ይይዛችኋል። ጓደኛ መጥታ "ለእኔስ ስንት ነው?" ስትላችሁ ሃያ ዶላሩን ዕቃ በነፃ ታሸክማላችሁ፣ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ይቆጫችኋል። ለወዳጅ የሚሆነውን አስቀድማችሁ ለዩ፣ ዓርብ ስጡና ጨርሱ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ፦ ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ የክረምት ጃኬት ለአዲስ መጤ አትሽጡ። በመጀመሪያው ክረምቴ የለበስኩትን ጃኬት የሰጡኝ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እናት ነበሩ። ስንት ነው ስላቸው ተቆጡኝ።

ወደ ጎረቤት ልመለስ፣ ያቺ ልጅ የተቸገረችው በዚያ ነውና። ሦስት ቀን ሲቀር ግራና ቀኝ ያሉትን፣ ፊት ለፊት ያሉትንም በር አንኳኩ። "ቅዳሜ ከ8 እስከ 1 ሰዓት ያርድ ሴል አለን፣ መኪና ካስቸገራችሁ በዚህ ስልክ ደውሉልኝ" በሉና ቁጥራችሁን ጽፋችሁ ስጡ። ሰው ለፖሊስ ከመደወል ለእናንተ ይደውላል። ከ8 በፊት አትጀምሩ። ሌሊት ሠርቶ ንጋት ላይ የሚተኛ ሰው አለ፣ እኛም ስንቶቻችን ፓርኪንግና ነርሲንግ ሆም አድረን ጠዋት ነው የምንገባው። ሙዚቃ አያስፈልግም። የእግረኛ መንገዱ ክፍት ይሁን፣ ጋሪና ዊልቸር ማለፍ አለበት። የራሳችሁን መኪና ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ ቦታው ለገዢ ይተርፋል። ከእሳት አደጋ የውኃ ቧንቧ 15 ጫማ ውስጥ መኪና ማቆም በሜሪላንድ ክልክል ነው፣ ገዢ ሲቆም ካያችሁ ንገሩት።

ከጠዋቱ 7 ሰዓት ላይ የሚያንኳኩ ገዢዎች ይመጣሉ። ነጋዴዎች ናቸው። "8 ሰዓት" በሏቸው፣ ይጠብቃሉ።

ሲያልቅ የተረፈውን መንገድ ዳር "ነፃ" ብላችሁ ትታችሁ አትግቡ። ዝናብ ይመታዋል፣ ጎረቤት ያየዋል፣ ስማችንም በደህና አይነሳም። ልብሱን ያገለገለ ዕቃ ለሚቀበለው ጉድዊል፣ ደህናውን የቤት ዕቃ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ኤ ዋይደር ሰርክል ለሚባል የእርዳታ ድርጅት ውሰዱት፣ ለቸገራቸው ቤተሰቦች በነፃ ነው የሚሰጡት። የተሰባበረውን ለማስነሳት የካውንቲው መረጃ ስልክ 311 ላይ ደውሉ።

የመንገድ ማስታወቂያውን ደግሞ መብራት እንጨት ላይ አትቸንክሩ፣ መንገድ መሐል ያለው ሣር ላይም አትትከሉ፣ የሕዝብ ቦታ ስለሆነ ያስቀጣል። አድራሻችሁ ተጽፎበታል፣ ማን እንደሰቀለው ማንም መጠየቅ አያስፈልገውም። መንገድ ጥግ ላይ ቤት ያለውን ሰው አስፈቅዱና ግቢው ውስጥ ትከሉ። ቀኑንና ቀስቱን በወፍራም ማርከር፣ ከመኪና ሆኖ በሚነበብ ፊደል ጻፉ። ስንት እንደተከላችሁ ቆጥራችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ ቅዳሜ ማታ ዞራችሁ ያንኑ ያህል ሰብስባችሁ ግቡ።