የግል የእንክብካቤ ዕቅድ በነርሲንግ ሆም፦ እንዴት ይዘጋጃል? እንዴትስ ይፈጸማል?

በአሜሪካ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት፣ በተለምዶ ነርሲንግ ሆም በምንላቸው ቤቶች፣ ብዙ ወገኖቻችን በነርስ ረዳትነት ይሠራሉ፤ በእነዚሁ ቤቶች የሚጦሩ ወላጆቻችንም አሉ። ይህ ጽሑፍ ለሚንከባከበውም ሆነ ወላጁን ለሚያስገባው፣ «ኬር ፕላን» የሚባለው የግል የእንክብካቤ ዕቅድ እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት በሥራ ላይ እንደሚውል ያስረዳል። ዕቅዱን የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፦ እኚያን አረጋዊ አይቷቸው የማያውቅ ሠራተኛ ለሌሊት ተራ ገብቶ ወረቀቱን ቢያነብ፣ እሳቸው እንደለመዱት አድርጎ ሊያበላቸው፣ ሊያጥባቸውና ሊያስተኛቸው ይችላል ወይ?

ቀነ ገደቦቹን ማወቅ

በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግና እሱን ተከትለው የወጡት ደንቦች፣ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ከሚባሉት የመንግሥት የጤና መድኖች ክፍያ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም ለእያንዳንዱ ነዋሪ የራሱን ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳሉ። ነዋሪው በገባ በ48 ሰዓት ውስጥ የመነሻ ዕቅድ ይጻፋል፤ በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ምዘና ይደረጋል፤ ምዘናው ባለቀ በ7 ቀን ውስጥ ደግሞ ዝርዝሩ ዕቅድ መጠናቀቅ አለበት። ዕቅዱን በሚያወጣው ቡድን ውስጥ ሐኪሙ፣ ኃላፊዋ ነርስ፣ ነዋሪውን የሚንከባከበው የነርስ ረዳትና ከምግብ ክፍል አንድ ሠራተኛ ይገኛሉ። ነዋሪውና ወኪሉም የመሳተፍ፣ ስብሰባ እንዲጠራ የመጠየቅና የተጻፈውን የማየት መብት አላቸው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ ስብሰባው ያለ እሱ ያልፋል፤ ስለዚህ ወላጅዎን ባስገቡበት ቀን የስብሰባውን ቀን ጠይቀው ይያዙ። የአማርኛ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ እንዲቀርብ ይጠይቁ። ልጅ ለእናቱ ባያስተረጉም ይመረጣል፤ ሽንት ማምለጡን ወይም የሆድ ድርቀቱን በልጃቸው ፊት የሚናገሩ እናቶች ጥቂት ናቸውና።

ከሰውየው የቀን ውሎ መነሣት

ብዙ ጊዜ ምዘናው ከበሽታው ዝርዝር ይጀምራል። እኔ ግን ከቀን ውሎ መጀመርን እመርጣለሁ፦ ስንት ሰዓት ይነሣሉ? ከቁርስ በፊት ይጸልያሉ? ቡናቸውን በምን ይጠጣሉ? ማን ብለው ሲጠሯቸው ደስ ይላቸዋል? «አንቺ» መባል የሚያሳዝናቸው እናት «እማማ» እና «እርስዎ» ሲባሉ ፊታቸው ይፈታል፤ ይህም በዕቅዱ ላይ መስፈር ያለበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሠራተኛውን በቀላሉ ያሳስታሉ። የመጀመሪያው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው መልስ ነው። ሕመም እንዳለባቸው ሲጠየቁ አረጋውያኖቻችን የሚሰጡት መልስ ይኸው ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ «ሕመም የለም» ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ «ያምዎታል?» ከማለት «ትናንት ሌሊት ጉልበትዎ አስተኝቶዎት ነበር?» ብሎ መጠየቅና፣ ሲገላበጡ ፊታቸውን መመልከት ይሻላል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ምግብ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ «በቃኝ» ማለት ለእሳቸው ጨዋነት ነው፤ ሠራተኛው ግን «አልፈለጉም» ብሎ ትሪውን ያነሣል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ሁለት ጊዜ «ይብሉልኝ» ቢባሉ ኖሮ የሚበሉ እናት ትሪያቸው እንደተከደነ ሲመለስ አይቻለሁ፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል። በዕቅዱ ላይ «ምግብ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በትዕግሥት ይቅረብላቸው» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ትጠቅማለች፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ካሉ ግን እምቢታቸው ይከበራል።

ዕቅዱን መጻፍ

«በመታጠብ ረገድ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በብዙ ዕቅዶች ላይ ይገኛል፤ ለሚያነበው ሠራተኛ ግን ምንም አይነግረውም። ሻወር ውስጥ መግባትን አጥብቀው የሚቃወሙ አንዲት እናት አሉ እንበል። ቤተሰብ ሲጠየቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሳፋ ታጥበው እንደኖሩና ከላይ የሚወርድ ውሃ እንደሚያስደነግጣቸው ይታወቃል። እንግዲህ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

«ማክሰኞና ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ በሴት ሠራተኛ ይታጠባሉ። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ትከሻቸው በፎጣ እንደተሸፈነ፣ ከእግራቸው ተጀምሮ ሞቅ ያለ ውሃ በጆግ ይፈስስላቸዋል፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ አይከፈትም። ፊታቸውንና እጃቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ። የአንገታቸው ማተብ አይወልቅም፣ አይቆረጥም። ሲጨርሱ ሻሻቸው ይታሰርላቸዋል።»

«ራሳቸው ይታጠባሉ» የሚለው ሐረግ ሆን ተብሎ የገባ ነው፤ ሰው ገና ራሱ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ ፈጥነን ከሠራንለት አቅሙን በእጃችን እናጠፋዋለን።

ሰዓትን በሚመለከት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ «ጠዋት 2 ሰዓት» ሲል ተቋሙ 8 ሰዓት የሚለውን ማለቱ ነው፤ ይህ የ6 ሰዓት ልዩነት ለመድኃኒት ሲሆን አደገኛ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን «ከቁርስ ጋር»፣ «ከመኝታ በፊት» ከሚል መግለጫ ጋር አያይዞ መጻፍ ይገባል።

ጾም የራሱ መስመር ይኑረው። ኦርቶዶክሳውያን አረጋውያን ረቡዕና ዓርብን፣ እንዲሁም የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ይጾማሉ፤ አንዳንዶቹም እስከ ከሰዓት በኋላ እህል አይቀምሱም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ባዶ ሆድ መዋል ስኳራቸውን ከልክ በላይ ሊያወርደው ስለሚችል፣ ሐኪሙና የነፍስ አባታቸው ጾሙ ከመግባቱ በፊት እንዲነጋገሩ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ጾምን እንደምታቀል ከነፍስ አባታቸው አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል፣ ከነርሷ አፍ ግን አይቀበሉትም። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ክብደት ለመጨመር የሚሰጠው የታሸገ መጠጥ በአብዛኛው ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ መሆኑ ነው። አባት በጾም ቀን «አልጠጣም» ሲሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል የምግብ ክፍሉ ከወተት ነጻ የሆነውን እንዲያዘጋጅ በዕቅዱ ላይ ይጻፍ። ለሙስሊም ነዋሪም የረመዳን ጾም፣ ሐላል ምግብና ከሶላት በፊት ያለው ውዱእ በዚሁ መልክ በዝርዝር ይገባሉ።

በየተራው መፈጸም

ዕቅዱ በኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ቢቀር ለነዋሪው አይደርስም፤ ተራ ሲቀያየር የሚወጣው ለሚገባው ዋና ዋናዎቹን በቃል መንገር አለበት። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ አረጋውያን በኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድመው ስለሚያጡ፣ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «ሽንቴ መጣ» የሚሉትን ቃላት ሌላው ሠራተኛ እንዲረዳቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ከነትርጉማቸው ከዕቅዱ ጋር ማያያዝ ይጠቅማል። ከአልጋ የማይነሡትን ሲያገላብጡ ደግሞ የዳሌና የተረከዝ ቆዳቸውን በእጅዎ ይዳስሱ። በመጻሕፍት የሚጠቀሰው የአልጋ ቁስል መነሻ ምልክት መቅላት ቢሆንም፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፣ ከዙሪያው ይልቅ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም ሲነካ የሚያም ቦታ ካገኙ ወዲያውኑ ለነርሷ ይንገሩ።

መከለስ

ዕቅዱ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይከለሳል፤ ሁኔታው በግልጽ ከተለወጠ ግን ቀኑ አይጠበቅም። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ፣ ወይም በ6 ወር ውስጥ 10 በመቶ መቀነሳቸው አሳሳቢ ነው፤ 60 ኪሎ ለነበሩ እናት በአንድ ወር 3 ኪሎ መሆኑ ነው። ቤተሰብ ነጠላቸው እንደሰፋባቸው፣ ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ መሆኑን ካየ ሚዛኑን ሳይጠብቅ ስብሰባ እንዲጠራ ይጠይቅ፤ ወደ ስብሰባውም ሲሄድ ያየውን ነገር ከነቀኑ ጽፎ ይዞ ይግባ።