ስልክ ከመቀየርዎ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

«ስልኬ ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ፣ ቻርጅ አይዝም፣ ሚሞሪው ሞልቷል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚጠይቀው የአዲስ ስልክ ዋጋ ነው። ሦስቱም ግን በአብዛኛው ስልኩ ሳይቀየር ይስተካከላሉ። ጥገና ቤት የማያድነው አምራቹ የደህንነት ማሻሻያ መላክ ያቆመበትን ስልክ ነው። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ከሆነ ምርመራውን ከዚህ ይጀምሩ።

አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ገብተው «አባውት ፎን»፣ ከዚያ «አንድሮይድ ቨርዥን» ሲነኩ የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ ቀን ይወጣል። ቀኑ ስድስት ወር ካለፈው ዋይፋይ ባለበት ቦታ «ሶፍትዌር አፕዴት» ገብተው ይሞክሩ። ብዙ ስልክ ወደ ኋላ የሚቀረው ባለቤቱ ዳታ እንዳያልቅበት «በኋላ» እያለ ስለሚያልፈው ብቻ ነው። ቀኑ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት የሚወርድ ነገር ከሌለ ግን፣ ስክሪኑ እንደ መስታወት ቢያበራም ለገንዘብ ሥራ አይታመንም። ለቪዲዮና ለሙዚቃ ያስቀሩት።

ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24፣ ጉግል ለፒክስል 8 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ከዚህ ያነሰ ነው የሚያገኙት። ደግሞም ቆጠራው የሚጀምረው ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት ጊዜ እንጂ እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ሞዴል ካርቶኑ ሳይከፈት ቢሸጥልዎትም ሦስቱ ዓመት ሄዷል።

የሚሞሪው ጉዳይ ቀላል ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛውን ቦታ የሚበላው ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብተው ካሹን (ስልኩ ላይ ለጊዜው የተቀመጡትን ፋይሎች) ያጥፉ። ከቻናል የወረደው ቪዲዮ ሰርቨሩ ላይ ስላለ ሲፈልጉ መልሰው ያወርዱታል። እዚያው ገጽ ላይ ሚዲያ ከአንድ ሳምንት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ያድርጉ። ከስልኩ ቦታ ከ10 እስከ 15 በመቶው ሁልጊዜ ባዶ ይሁን፤ ጢም ብሎ ሲሞላ መጻፍና ማንበቡ ይዘገያል፣ አፕዴትም አይጫንም።

ቻርጅ አልይዝ ካለ ባትሪውን ከመወንጀልዎ በፊት የቻርጀሩን ቀዳዳ በባትሪ መብራት ይዩት። ገመዱ እስከ ውስጥ ካልገባና ሲነካ የሚቋረጥ ከሆነ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበታል። ስልኩን አጥፍተው በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብለው ያውጡት፤ መርፌና ስፒል ፒኖቹን ያበላሻል። ቀዳዳው ንጹህ ሆኖ ስልኩ 20 ወይም 30 በመቶ ላይ እያለ ድንገት ከጠፋ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። አይፎን ላይ ሴቲንግ፣ «ባትሪ»፣ «ባትሪ ሄልዝ» ገብተው ከ80 በመቶ በታች ካነበቡ ይቀየር። አፕል እስከ አይፎን 14 ያሉትን ባትሪዎች የሠራቸው ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ እንዲይዙ ነው፤ ከአይፎን 15 ጀምሮ 1000 ሆኗል። የስልኩ ጀርባ ወይም ስክሪኑ ከፍ ካለ ባትሪው አብጧል፦ አይጫኑት፣ ቻርጅም አያድርጉት፣ በዚያው ቀን ያስወጡት።

ሲያስቀይሩ ባትሪው እፊትዎ ይከፈት፣ እፊትዎ ይገጠም። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ቻርጅ ላይ ሰክተው ይጠብቁ። ከልክ በላይ ከጋለ ወይም መቶኛው ከዘለለ አይቀበሉ። አንዴ የተከፈተ ስልክ ውሃ ይቋቋማል ብለው አይተማመኑ፤ ዙሪያውን የሚዘጋው ሙጫ ተነስቷል። ባትሪና ስክሪን አንድ ላይ ከተበላሹ ሂሳቡ ይለወጣል። የጥገናው ወጪ ስልኩ ዛሬ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሹን ካለፈና ማሻሻያውም ሊያልቅ ከተቃረበ ያን ጊዜ መቀየር ያዋጣል።

መርካቶም ይግዙ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ በተለይ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ስልክ ከሆነ፣ ገንዘብ ከማስተላለፍዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ይውሰዱ። *#06# ደውለው የሚወጣው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ ቁጥር) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። የራስዎን ሲም ከተው ይደውሉ፤ ኔትወርኩ የተቆለፈ ስልክ እዚህ ላይ ይያዛል። አይፎን ከሆነ «ጀነራል»፣ «አባውት» ውስጥ «ካሪየር ሎክ» የሚለው «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ማለት አለበት። አሜሪካ የተሸጡት ከአይፎን 14 እስከ 16 ያሉት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ አስቀድመው መስመርዎን ወደ ኢሲም ማዛወር መቻልዎን ያረጋግጡ። ሻጩ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ሪሴት አድርጎ እስከ መጨረሻው ይክፈተው። የቀድሞውን ባለቤት ፓስወርድ ከጠየቀ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ትተውት ይውጡ። ሳምሰንግ ላይ *#0*# ሲደውሉ ስክሪኑን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም መሞከሪያ ይመጣል፤ መስመርና የቀረ ጥላ በዚያ ይታያል።

ካርቶን ላይ «16 ጂቢ ራም» (ስልኩ መተግበሪያዎችን ሲያሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ማህደር) የሚል ካዩ በትንሹ «8+8» መባሉን ይፈልጉ። ሁለተኛው 8 ከሚሞሪው የተበደረ እንጂ ራም አይደለም። ለ5ጂ ብቻ ብለውም ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡ። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን አዲስ አበባ ላይ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ቤትዎና መሥሪያ ቤትዎ ይደርስ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ለቴሌብር፣ ለቴሌግራምና ለቪዲዮ 4ጂ በቂ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ፣ አፕል ዋች ያለ አይፎን አይሠራም፣ ከጋላክሲ ዋች 4 ወዲህ ያሉት ደግሞ ከአይፎን ጋር አይገናኙም። እርምጃና የልብ ምት ለመከታተል ርካሹም ይበቃል። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንናገራለን፦ ሳይወጋ የደም ስኳር ይለካል ተብሎ የሚሸጥ ሰዓት ወይም ቀለበት ለስኳር ታማሚ እናትዎ ወይም አባትዎ አይግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ አንድም እንዳልፈቀደ አስጠንቅቋል። የተሳሳተ ቁጥር ታይቶ ኢንሱሊን ከተወሰደ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 10 ነጻ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) ካለው፣ ወደ 11 ማሳደግ ይቻላል።

ለመቀየር ከወሰኑ አሮጌውን ስልክ ቶሎ አይሽጡ። ዋትስአፕን ባክአፕ ያድርጉ፤ እንደ ቴሌግራም ሁሉንም ራሱ አይመልስም። የባንክ መተግበሪያ ወደ አዲስ ስልክ ሲዛወር ቅርንጫፍ መሄድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ቅዳሜ ከሰዓት አይጀምሩት። በአዲሱ ላይ ትንሽ ብር ልከው መድረሱን ካዩ በኋላ ከአሮጌው የጉግል ወይም የአፕል አካውንትዎን ያስወጡ፣ ሪሴት ያድርጉት፣ ከዚያ ይሽጡት።