በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ለምትሠሩ፦ ጡረታችሁን ከዛሬው ጀምራችሁ ጠብቁት

የግል ድርጅት ሠራተኛ በየወሩ ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዝህ 8,000 ብር ከሆነ 560 ካንተ፣ 880 ከአሠሪው ማለት ነው። የደመወዝ ወረቀትህ ላይ ቅናሹ መኖሩ ብቻ ግን ገንዘቡ ገቢ ሆኗል ማለት አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥርህን ከሰው ኃይል ክፍል ተቀበል፤ በዚያ ቁጥር የተመዘገበልህን በጡረታ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚያንገላታው የስም ነገር ነው። መታወቂያው ላይ «ኃይለ ሚካኤል»፣ ቅጹ ላይ «ሃይለሚካኤል» ከተባለ ፋይሉ ይቆማል። ሥራ ላይ እያለህ አስተካክል፤ አሠሪው ከተዘጋ በኋላ ማን ይመሰክርልሃል? የልደት ዘመን ላይም ተጠንቀቅ፤ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠር የሞላኸው ነው።

መውጫ ዕድሜው 60 ሲሆን ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስሌቱ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ መሠረታዊ ደመወዝ ይይዛል፤ ለ10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል። 20 ዓመት በ8,000 ብር 3,400 ብር ይሰጣል። ስለዚህ መሠረታዊ ደመወዙን አሳንሶ ቀሪውን በአበል የሚከፍል ውል እርጅናህን ይጎዳል፤ ሳትፈርም አንብበው።

ፋብሪካ ስትቀይር የሥራ ልምድ ማስረጃህን ሳትይዝ አትውጣ፤ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀትም አብሮ ይቀመጥ።