ድምፁ ሲበላሽ መጀመሪያ ማንን እንጠርጥር? ለቤት ሃይፋይ ኮምፒውተር ወይስ ስትሪመር

«ለቤት ሙዚቃ ኮምፒውተር ልግዛ ወይስ ስትሪመር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ስትሪመር ማለት ሙዚቃን ከኢንተርኔት ወይም ከቤት ኔትወርክ እየሳበ የሚያጫውት ትንሽ ዕቃ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ አሁን ያለህ ዕቃ ምን አስቸገረህ? ሙዚቃው የሚቆራረጥበት፣ ከስፒከሩ እምምም የሚል ጉርምርምታ የሚሰማው፣ የፋን ጩኸት ያማረረው ሰው መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ምንም መግዛት አያስፈልገውም። አንድ ሴቲንግ ነክቶ ይገላገላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጆሯችሁ የነገራችሁን ይዛችሁ ተነሱ።

መንገዱን አንዴ እንየው። ሙዚቃው ከፋይል ወይም ከኢንተርኔት ይነሳል። ማጫወቻው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ወይም ስትሪመሩ፣ ቁጥሩን ወደ ዳክ ይልካል። ዳክ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይረው ክፍል ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥም አለ፣ ለብቻውም ይሸጣል። ከዚያ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ስፒከር። ችግር መፈለግ ማለት ከእነዚህ አንዱን እያወጡ የቀረውን መስማት ነው።

እምምም የሚል ጉርምርምታ

ሙዚቃው ቆሞም ይሰማል። ማጫወቻችሁ ላፕቶፕ ከሆነ የመጀመሪያው ምርመራ ደቂቃ አይፈጅም። ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉና ሌላ ሰው ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀለው። ጉርምርምታው በዚያች ቅጽበት ጸጥ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ።

ይህ «ግራውንድ ሉፕ» የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩ በራሱ ሶኬት በኩል ከመሬት ጋር ተያይዟል። አምፕሊፋየሩም፣ ወይም ከእሱ ጋር የተገናኘው ቴሌቪዥን ወይም ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር)፣ እንደዚያው። በመካከላቸው ደግሞ የድምፅ ገመድ አለ። ሁለቱ የመሬት መስመሮች እኩል ካልሆኑ ትንሽ ኤሌክትሪክ በድምፅ ገመዱ በኩል ያልፋል። የምትሰሙት የመብራቱን የራሱን 50 ወይም 60 ኸርዝ እና ብዜቶቹን ነው።

በነፃ ከሚሆነው ጀምሩ። ኮምፒውተሩን፣ ዳኩንና አምፕሊፋየሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ካልሆነ በኮምፒውተሩና በዳኩ መካከል ኦፕቲካል ገመድ አስገቡ። ይህ ገመድ ሙዚቃውን በብርሃን ስለሚያሳልፍ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ከጠረጴዛ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከኋላ መሰኪያው አላቸው። ለላፕቶፕ ከዩኤስቢ ወደ ኦፕቲካል የሚቀይር ትንሽ ዕቃ አለ። ኦፕቲካል እስከ 96 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 96,000 የድምፅ ናሙና፣ ያለ ሐሳብ ይሠራል፤ 192 ላይ ግን ብዙ ዕቃዎች ይንገዳገዳሉ። ዩኤስቢን መተው ካልፈለጋችሁ የዩኤስቢ አይዞሌተር አለ፤ ሙዚቃውን እያሳለፈ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱን የሚቆርጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ርካሾቹ ፍጥነታቸው በሰከንድ 12 ሜጋቢት ላይ ስለሚቆም ከ24 ቢትና ከ96 ኪሎኸርዝ በላይ አትጠብቁባቸው።

አንድ ነገር አደራ። የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ ወይም በቴፕ ሸፍኖ ጉርምርምታውን ማጥፋት ይቻላል። አታድርጉት። ያ እግር ያለው አንድ ቀን ዕቃው ውስጥ ገመድ ቢላቀቅ ኤሌክትሪኩ በእናንተ በኩል እንዳይወርድ ነው።

የጉርምርምታው ዘመድ የሆነ ሌላ ድምፅም አለ። ቀጭን ነው፣ ዚዝዝ ይላል። ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ወይም ገጽ ስትገለብጡ ይለዋወጣል። ይህ የኮምፒውተሩ የራሱ የውስጥ ሁካታ ነው፤ በአብዛኛው የሚገባውም አብሮ በተሠራው የድምፅ ካርድ በኩል ነው። ውጭ የሚቀመጥ ዳክ ያስወግደዋል። ውጫዊ ዳክ ኖሯችሁም ከቀጠለ በዩኤስቢው ገመድ እየመጣ ነውና ወደ ኦፕቲካሉ ተመለሱ። ወይም ኮምፒውተሩን ከአምፕሊፋየሩ ጨርሶ ለዩት። በዋይፋይ የሚሠራ ትንሽ ስትሪመር ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ የለም። ለእኔ ስትሪመር ለመግዛት ከሚያሳምኑ ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ጠቅታና መቆራረጥ

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ቶሎ ኢንተርኔቱን ይወቅሳል። አንዳንዴ ልክ ነው። ግን ቁጥሩን እንየው። የሲዲ ጥራት ሳይታመቅ በሰከንድ 1.4 ሜጋቢት ያህል ነው። 24 ቢት በ192 ኪሎኸርዝ የሆነው ስቴሪዮ እንኳ 9.2 ሜጋቢት ገደማ ነው። ፍላክ፣ ማለትም ጥራቱን ሳይቀንስ የሚያምቅ የፋይል ዓይነት፣ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቪዲዮ በደንብ የሚያሳይ ዋይፋይ ለሙዚቃ ይበቃል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከፍጥነቱ ይልቅ ለአፍታ መቋረጡ ላይ ነው።

መለያው ቀላል ነው። አንድ ዘፈን ኮምፒውተሩ ውስጥ ወዳለው ዲስክ ገልብጡ፤ ዋይፋዩን አጥፉና አጫውቱት። ያለ ጠቅታ ከሄደ ችግሩ ኔትወርኩ ነው። አሁንም ጠቅ ካለ ኔትወርኩን ተዉትና ወደ ኮምፒውተሩ ዙሩ።

ኔትወርክ ከሆነ በጣም አስተማማኙ መድኃኒት ገመድ ነው። ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ ከ2.4 ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩ። 2.4 ላይ ማይክሮዌቭ ምድጃውም ብሉቱዙም የጎረቤት ራውተሩም ይጋፋል። እኔ ራሴ በዚህ አንድ ሳምንት ተሰቃይቻለሁ። ፒያኖ ብቻ ያለበት ጸጥ ያለ ቅጂ አስቀምጬ እሰማለሁ፤ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ኖታ ተቆርጦ ይቀራል። ዳኩን ጠረጠርኩ። ገመድ ቀየርኩ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። በኋላ ያየሁት፣ የዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስኩን የሰካሁት ከትንሿ የዋይፋይ መቀበያ አጠገብ ነበር። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሁካታ ይረጫል። መቀበያዋን በማራዘሚያ ገመድ አንድ ሜትር ያህል ሳርቃት መቆራረጡ በዚያው ቀረ።

ኮምፒውተሩ ከሆነስ? በዊንዶውስ ላይ ተጠርጣሪው ብዙውን ጊዜ አንድ ድራይቨር (አንድን የኮምፒውተር ክፍል የሚያሠራ ፕሮግራም) ነው፤ በተለይ የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ። ስራው ላይ ቆየት ብሎ ድምፁን እንዲጠብቅ ያደርጋል፣ እናንተ ያንን እንደ ጠቅታ ትሰሙታላችሁ። ላተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እንደሆነ በስሙ ያሳያል። ድራይቨሩን አድሱ፣ በማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ በፈሩን (ሙዚቃው ከመጫወቱ በፊት የሚጠራቀምበትን) ከፍ አድርጉ፣ ዊንዶውስ ዩኤስቢን ለቁጠባ የሚያስተኛበትን ሴቲንግ አጥፉ። ዳኩንም ከሀብ (ከዩኤስቢ ማከፋፈያ) ላይ ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። ለሙዚቃ በፈሩ ቢያድግ ምንም አይጎዳም፤ ዘፈኑ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ቢጀምር ማን ያውቃል?

በራስፕቤሪ ፓይ፣ ማለትም በትንሿ ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር፣ የምትሰሙ ደግሞ መጀመሪያ ቻርጀሩን እዩ። የስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ስክሪን ላይ የመብረቅ ምልክት ካሳየ ኤሌክትሪክ አንሶታል ማለት ነው። ሞዴል 3ና ከዚያ በፊት የነበሩት ኔትወርኩንና ዩኤስቢውን በአንድ ጠባብ መስመር ያሳልፋሉ፤ ዩኤስቢ ዳክ ሲጨመር ይጨናነቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሞዴል 4 ይህን ለያይቶታል። የቆዩት ሞዴሎች ላይ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ለሃይፋይ አትቁጠሩት፤ ድምፁ ደካማ ነው።

ዘፈኑ 44.1፣ ዳኩ ግን 48 ይላል

ዳካችሁ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ካለው ይህን አይታችሁ ይሆናል። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ነው። ዊንዶውስ ግን የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ አንድ ላይ ቀላቅሎ፣ ሴቲንጉ ላይ ወደተቀመጠው ቁጥር ቀይሮ ይልካል፤ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ 48,000 ነው። ቅያሬው በራሱ በጆሮ የሚለይ ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። እኔን የሚያናድደኝ አብሮት የሚመጣው ነው። የመልዕክት ደወል ዘፈኑ መሐል ይገባል። «ድምፅ ማሻሻያ» የሚባሉት ሴቲንጎችም ሳታውቁት ባሱን ሊያብጡት፣ ጸጥ ያለውን ሊያጮኹት ይችላሉ።

ማሻሻያዎቹን ሁሉ አጥፉ። ከዚያ ማጫወቻው ላይ ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ የሚለውን ምረጡ፤ ፎባር 2000 የሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራምም ሌሎችም አላቸው። ያኔ ዳኩን ማጫወቻው ብቻውን ይይዘዋል። በማክ ላይ «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ ታስተካክላላችሁ። ለሙዚቃ ብቻ ከተሠሩ ስትሪመሮች ብዙዎቹ ይህን ጣጣ አያውቁትም፤ የመጣውን ቁጥር እንዳለ ያሳልፋሉ። ሴቲንግ መነካካት የማይወድ ሰው ስትሪመር ቢገዛ የምፈርድለት ለዚህ ነው።

የዘፈኑ መጀመሪያ ይቆረጣል

ዳኩ ተኝቶ ነበር፣ ወይም የናሙናው ቁጥር ሲቀየር እስኪይዘው ድረስ ድምፁን ዘግቶ ይቆያል። ማጫወቻው ላይ ከዘፈኑ በፊት ትንሽ ዝምታ የሚልክ ሴቲንግ ፈልጉ፤ የዳኩንም የእንቅልፍ ሰዓት አጥፉ።

ከዚህ የሚለየው በዘፈንና በዘፈን መሐል የሚፈጠረው ክፍተት ነው። መድረክ ላይ የተቀዳ አልበም ስትሰሙ ጭብጨባው ለአፍታ ቀጥ ይልና ይቀጥላል። ዳኩ የለበትም። በተለይ ሙዚቃው በዲኤልኤንኤ (በቤት ኔትወርክ ሙዚቃ የማስተላለፊያ መንገድ) ሲላክላቸው አንዳንድ ስትሪመሮች ቀጣዩን ዘፈን ቀድመው አያዘጋጁም። በሴቲንግ የማይድንበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት «ጋፕለስ (ያለ ክፍተት) ይጫወታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለም እንዲህ ያለ አልበም ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ስሙ።

ስልክ ሲደወል ሙዚቃው ይቆማል

ስልኩ ራሱ ሙዚቃውን እየላከ ነው ማለት ነው። ብሉቱዝ እንዲህ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ በብሉቱዝ የተለመደው ኤስቢሲ የሚባለው የድምፅ ማመቂያ በሰከንድ 328 ኪሎቢት አካባቢ ነው፤ ሲዲው 1,411 ነበር። ስልኩን እንደ ሪሞት ብቻ ተጠቅሞ ሙዚቃውን ራሱ ከኢንተርኔት ወይም ከዲስካችሁ የሚስብ ስትሪመር ምረጡ። ስልኩ ቢጠፋም ይጫወታል። ሳጥኑ ላይ «ዋይፋይ አለው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ይህን አያረጋግጥም። የምትከፍሉበት የሙዚቃ አገልግሎት በስሙ ተጠቅሶ እንደሆነ አንብቡ።

ከሙዚቃው በላይ ፋኑ ይሰማል

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ፋኑ የሚጮህ ኮምፒውተር አይሆንም። አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ዲስክ) ቀይሩለት፤ ሙዚቃ ማጫወት ብዙ ጉልበት ስለማይጠይቅ ፋኑ እምብዛም አይነሳም። አዲስ ከገዛችሁ ፋን የሌለው ሚኒ ኮምፒውተር ይሁን። የኢንቴል ኤን100 ፕሮሰሰር የተሰጠው የኃይል መጠን 6 ዋት ነው፤ ለሙዚቃ ግን ከበቂ በላይ ነው። ከሁሉ የምወደው አቀማመጥ ግን ሌላ ነው። ዲስኩና ኮምፒውተሩ ሌላ ክፍል፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ ትንሽ ድምፅ የለሽ ስትሪመር። ለዚህ አንድ ፓይ ከነዳኩ ይበቃል፤ ሙድ ወይም ቮልሚዮ የሚባለውን ሲስተም ጭናችሁ በስልክ ታዙታላችሁ።

አፑ መሥራት አቆመ

ይህ በሽታ ዕቃው ከተገዛ ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጣው። ዳኩ ደህና፣ መሰኪያው ደህና፣ ግን አፑ አይከፈትም። የስትሪመር ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ ዕድሜው በሠሪው ፈቃድ ላይ ነው። ስኩዊዝቦክስ የሚባሉት ማጫወቻዎች ምርት እ.ኤ.አ. በ2012 ቆሟል። የጉግል ክሮምካስት ኦዲዮ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ በ2019 መጀመሪያ ላይ ተቋርጧል። የስኩዊዝቦክስ ባለቤቶች ግን ዛሬም ይሰማሉ። ሙዚቃውን ከኮምፒውተር የሚልክላቸው የሰርቨር ፕሮግራም ኮዱ ክፍት ስለነበር ተጠቃሚዎቹ ተረክበው፣ ሊሪዮን በሚል ስም አሁንም እያደሱት ነው።

ስለዚህ ስትሪመር ስትመርጡ ከሠሪው አፕ ውጭ በሌላ መንገድ መጫወት ይችል እንደሆነ እዩ። ኤርፕሌይ (የአፕል ሙዚቃ መላኪያ መንገድ)፣ ዲኤልኤንኤ፣ ከሁለቱ አንዱ ይኑረው። ዲጂታል መውጫም ይኑረው፤ ያኔ አእምሮው ቢያረጅ ዳካችሁ አብሮ አይጣልም። እኔ በዚህ ምክንያት ዳኩንና ማጫወቻውን ለየብቻ መግዛት እመርጣለሁ። ዳክ ለዓመታት ይቆያል። ቶሎ የሚያረጀው ሶፍትዌሩ ነው።

ሽሽሽ ይላል፣ ሙዚቃው ግን ደካማ ነው

ማጫወቻው ላይ ድምፁ ሲሶ ላይ፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ጫፍ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ የራሱን ሽሽታ አብሮ እያጎላው ነው። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጉ፣ ከዚያ ማጫወቻውን 100 ላይ አድርሱ፣ ከዚያ በአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ብቻ ተጠቀሙ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት፣ ስፒከር ይበላል። የድምፅ ቁልፍ የሌለው ፓወር አምፕሊፋየር ካላችሁ ግን ይህ አይሠራም፤ ማጫወቻውን ፈጽሞ 100 ላይ አታድርጉት።

ምንም ችግር የለም፣ ግን የተሻለ እፈልጋለሁ

ጉርምርምታ የለም፣ አይቆራረጥም፣ ፋን አይሰማም፣ ቁጥሩም ልክ ነው። እንዲህ ከሆነ አዲስ ስትሪመር አይጨምርላችሁም። ገንዘቡን ለስፒከር አቆዩት። እስከዚያው ስፒከሮቹን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 20 ሴንቲሜትር ያህል አውጧቸው፣ ያንኑ ዘፈን እንደገና አጫውቱና ባሱን ስሙት።